የጀነሬተር ሥልጣንና የምጣድ አቤቱታ

በኢትዮጵያ ከሚመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚገኝ በመሆኑ፣ ክረምት ለግድቦች የጥጋብ፣ ለተርባይኖችም የሥራ ወቅት ነው፤ ሆኖም ግድቦችን የሚሞላው ያው ዝናብ ከነነጎድጓዱና ከነነፋሱ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ሽቦ ላይ ይጥላል፣ ሥሩ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ያዘምማል፣ ያረጀ ትራንስፎርመርም ያቃጥላል። በዚህ ምክንያት በቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቀውና በሩዋንዳ ኤምባሲ ስም በሚጠራው ሰፈር የሚኖር ሰው፣ መብራቱን የሚሰጠውም የሚነሣውም አንድ ደመና ሆኖበት፣ ሰኔ በባተ ቁጥር ይደሰት ወይስ ይዘን ሳይወስን ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል።

ነገሩን ለመረዳት የኤሌክትሪክ ጉዞ በሦስት ደረጃ እንደሚከፈል ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ማመንጨት ነው፤ ሁለተኛው ማስተላለፍ ሲሆን፣ ይኸውም ኃይሉን በረጃጅም የብረት ማማዎች ላይ በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ከተሞች መውሰድ ነው፤ ሦስተኛው ማሰራጨት ይባላል፤ ይህም ቮልቴጁን በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት አውርዶ እስከ ቤት ቆጣሪ ማድረስ ማለት ነው። ሕዝቡ መብራት ኃይል ይለው የነበረው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል፣ ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማሰራጨቱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደርሷል። ውኃ ሲጎድል የሚታመመው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ የታደለው ለዚህ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን የሚታመመው ሦስተኛው ነው፤ ስለዚህም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ለአንድ ግቢ የሚያደርሰው ብርታት ከግቢው በስተጀርባ ያለው የዘመመ ምሰሶ የቻለውን ያህል ብቻ ነው።

መብራት በጠፋበት ቅጽበት በሰፈሩ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ሻማ መፈለግ ሳይሆን ወደ ደጅ ወጥቶ የጎረቤትን ቤት ማየት መሆኑ ይታወቃል። ይህ ልማድ ከምቀኝነት የመጣ ቢመስልም ቴክኒካዊ መሠረት አለው። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ኃይል ተሸክመው የሚወጡት መስመሮች ሦስት ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ፌዝ ይባላሉ፤ አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚገናኘው ከአንዱ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ፌዝ ሲበጠስ የመንገዱ ከፊል ጨልሞ ከፊሉ በርቶ ሊቀር ይችላል። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ነዋሪው እፎይ ብሎ ይመለሳል፤ የጋራ መከራ ቀላል ነውና። ፊት ለፊት ያለው ቪላ በርቶ ከታየ ግን ጉዳዩ ወደ ግል ቅያሜ ይሸጋገራል፤ ወደ 905 መደወል የሚጀመረውም፣ ለወትሮው ሰላምታ የማይለዋወጡ ጎረቤታሞች በአጥር ላይ «እናንተ ጋ አለ እንዴ?» የሚባባሉትም በዚህ ጊዜ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከአንዱ ግቢ የሞተር ድምፅ ሲነሣ፣ ሰፈሩ እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ ጀነሬተር ያለውና ጀነሬተር ያለውን የሚያዳምጠው።

ጀነሬተር በዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም በዕድሜ ከሽቦው ይበልጣል። አሠራሩ የተመሠረተው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባረጋገጠው ግኝት ላይ ነው፤ ይኸውም ሽቦና ማግኔት አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል የሚል ሲሆን፣ የጀነሬተር ሞተር ሥራም ነዳጅ እያቃጠለ ይህን እንቅስቃሴ ሳያቋርጥ መስጠት ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የበራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በጀነሬተር ነበር፤ ከአቃቂ ወንዝ ኃይል የሚያመነጨው የአባ ሳሙኤል ግድብ የተሠራው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ማታ፣ በጋቢና በላስቲክ ጫማ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ ማሽኑን የሚያስነሣ አባወራ የቤተ መንግሥት ወግ ጠብቋል ሊባል ይችላል፤ ልዩነቱ ምናልባት ንጉሠ ነገሥቱ ገመዱን ራሳቸው ባለመሳባቸው ላይ ነው።

ጀነሬተሩን ለክረምት ወደ ማዘጋጀቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚነሣው የማሽኑ ልክ ነው። በመርካቶ ሱቆች ተደርድረው የሚሸጡት የቤንዚን ጀነሬተሮች ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ተለጥፎባቸው ይመጣሉ፤ አንደኛው ማሽኑ ለአፍታ ብቻ ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛ ጉልበት ሲሆን፣ ሁለተኛውና አነስተኛው ሳይጨነቅ ለሰዓታት የሚሰጠው ነው፤ ሻጭ ጮክ ብሎ የሚያነበው የመጀመሪያውን፣ ገዢ ቤቱ ገብቶ የሚያገኘው ሁለተኛውን ነው። ከዚህም ላይ የከፍታ ቅጣት ይቀነሳል። የሞተሩ ጉልበት የተለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለው አየር ነው፤ ቤንዚን ለመቃጠል ኦክስጅን ስለሚያስፈልገውና ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት እያጣ ይሄዳል። የቦሌ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ 5 ኪሎ ዋት ተብሎ የተገዛው ማሽን ሩዋንዳ ሰፈር ሲደርስ 4 ኪሎ ዋት እንኳ አይሞላም። አየሩ የሳሳው ለጀነሬተር ብቻ አይደለም፤ ከሰፈሩ አቅራቢያ የሚነሡት አውሮፕላኖችም በዚሁ ምክንያት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይሻሉ፤ የቦሌ ማኮብኮቢያም ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል። ለአውሮፕላኑ መንገድ ተዘጋጅቶለታል፤ የጀነሬተሩን ጉዳይ ግን የሚያነሣ የለም።

የቤቱ እውነተኛ ፈተና የሚጀምረው እነዚህን አራት የማይሞሉ ኪሎ ዋቶች ማከፋፈል ላይ ሲደረስ ነው። ጀነሬተር ማዘጋጀት ዘይት መቀየርና ገመድ መዘርጋት ይመስላል፤ በተግባር ግን መብራት ከመጥፋቱ በፊት ማን በጨለማ እንደሚቀመጥ መወሰን ነው፤ ይህም ከሞተር ጥገና ይልቅ ለመንግሥት አስተዳደር የቀረበ ሥራ ነው። አንድ ኃይል ቆጣቢ አምፖል 10 ዋት ገደማ ይበቃዋል፤ የኢንተርኔት ራውተርም እንዲሁ፤ ቴሌቪዥን ወደ 100 ዋት ይወስዳል። እነዚህ በጥቂቱ የሚጠግቡ ዜጎች ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚጠይቅ፣ ሲሰካ ሞተሩ ድምፁን ያጎረምሳል፣ አምፖሎች ይደበዝዛሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይርገበገባል፤ በመጨረሻም የጀነሬተሩ ማቋረጫ ቀጭ ብሎ ምጣዱንም ተመልካቹንም በእኩልነት ያጨልማል። አባወራው በዚህ ጊዜ ምጣዱ እስከ ነገ እንዲታገሥ ሐሳብ ያቀርባል፤ ነገር ግን አብሲት ተጥሎለት ኩፍ ያለ ሊጥ ቀጠሮ አይቀበልም፤ ባደረ ቁጥር ይኮመጥጣል። «ታዲያ እንጀራ የማይጋግር ጀነሬተር ምን ሊሠራ ተገዛ?» የሚለው የእማወራዋ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲቀርብ የኖረ ሲሆን፣ የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተዘጋጅቶ እያለ ለዚህ በአንዱም መልስ አላስቀመጠም።

ማቀዝቀዣ በዋት ሲለካ ትሑት ይመስላል፤ እየሠራ ሳለ 150 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ዳሩ ግን ሞተር ያለበት ዕቃ ሁሉ ሲነሣ ከወትሮው በርካታ እጥፍ የሚሆን ጉልበት ለቅጽበት ይወስዳል፤ ይህም የመነሻ ፍላጎት ይባላል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ብቻውን ቀድሞ እንዲነሣ፣ ሌላው ከእሱ በኋላ እንዲሰካ ይመከራል። በሩ ሳይከፈት ከቆየ ደግሞ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ስለሚይዝ፣ በእያንዳንዱ አጭር መቋረጥ የጀነሬተር ድርሻ ይገባኛል ማለቱ ተገቢ አይደለም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው ፍልሰታ በብዙ ቤት ሥጋም ወተትም ስለማይገኝበት፣ ክርክሩን ከሞላ ጎደል ይሸነፋል። የውኃ ፓምፕ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውኃው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው፤ ያን ሌሊት መብራት ከጠፋ ወደ ሰገነት ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፓምፑ ይነሣ የሚለው ውሳኔ ትክክለኛ ነው፤ የሚያስቸግረው ውሳኔውን ለማስፈጸም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነሣ ሰው ማግኘቱ ነው።

ወጣቶቹ የሚያቀርቡት ማመልከቻ ወቅታዊ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጀመረው በነሐሴ፣ ማለትም ሽቦው በጣም በሚበጠስበት ወር በመሆኑ፣ ቴሌቪዥንና ዲኮደር ከስልክ ባትሪ መሙያ ጋር አንድ ግንባር ፈጥረው ይቀርባሉ። ካውያና የውኃ ማፍያ ጀግ፣ እያንዳንዳቸው እስከ 2 ኪሎ ዋት ስለሚወስዱ፣ በማንም ቤት ድምፅ ሳይሰጥባቸው ይታገዳሉ፤ ታግደውም በስውር ይሰካሉ። በዚህ ሁሉ ሽሚያ መካከል የቤቱ አያት የምትጠይቀው የጸሎት መጽሐፏን የምታነብበትን አንድ አምፖል ብቻ ነው፤ ይህም ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ ለማሽኑ የሚስማማ ሆኖ ሳለ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ይታወሳል። ብልህ የሆነ ቤት ይህን ክርክር በግንቦት፣ ፀሐይ ሳለ ጨርሶ፣ የተፈቀዱትን ዕቃዎች ስም ከነዋታቸው በወረቀት ጽፎ ማብሪያው አጠገብ ይለጥፋል፤ ለምጣዱም የጋዝ ወይም የእንጨት ምጣድ በተጠባባቂነት ይመደብለታል፤ የጀነሬተሩን ሥልጣን ለመገደብ ከዚህ የተሻለ ሕግ አልተገኘም።

የማሽኑን ጤንነት በተመለከተ ትልቁ ጠላት ሥራ ሳይሆን ዕረፍት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ሸራ ለብሶ የተቀመጠ ጀነሬተር በታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን በጥቂት ወራት ይበላሽበታል፤ የተበላሸውም ነዳጅ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ሆኖ ካርቡራቶርን፣ ማለትም ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉበትን ክፍል፣ ይደፍናል። በሐምሌ የመጀመሪያ ማዕበል ገመዱ እየተሳበ የማይነሣው ማሽን ተሠርቶ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ክረምቱ ሲያልቅ የነዳጁን መክፈቻ ዘግቶ ሞተሩ በውስጡ የቀረውን ጨርሶ እስኪጠፋ ማሠራት፣ ከዚያም በወር አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ያህል ጭነት ሰጥቶ ማሠራት፣ ሰኔ ሳይገባ ዘይቱን መለወጥ፣ ካንዴላውን ፈትቶ ማጽዳት፣ የአየር ፊልትሮውን ማራገፍ። ዘይቱ ሲጎድል ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያላቸው ማሽኖች ስላሉ፣ ተበላሸ ተብሎ መካኒክ ከመጠራቱ በፊት የዘይቱን መለኪያ አውጥቶ ማየት ብዙ ገንዘብና ጥቂት ሐፍረት ያድናል።

ነዳጁ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ በግማሽ ጭነት በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ የሚጠጣ ማሽን በየሰዓቱ የሚያስከፍለው ገንዘብ፣ ከቆጣሪ ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር አባወራውን ወደ ሻማ ፍቅር ይመልሰዋል። ማደያዎች በጀሪካን መቅዳትን በሚከለክሉበት ወይም የድጋፍ ደብዳቤ በሚጠይቁበት ጊዜ ብዙ ግቢዎች የሚጠቀሙት የተለመደ ዘዴ ከመኪናው ታንከር በጎማ ቱቦ መሳብ ነው፤ ይህ ዘዴ ግን ዘመኑ እያለፈበት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በቦሌ ግቢዎች ከቆሙት መኪኖች እየበዙ የመጡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ናቸው፤ እነዚህም መብራት በጠፋ ጊዜ ለጀነሬተሩ የሚሰጡት አንድ ጠብታ ስለሌላቸው፣ ይልቁንም ራሳቸው ከምጣዱ ቀጥለው ወረፋ ይዘው ይገኛሉ።

እስካሁን የተጻፈው ለቀልድ ቦታ ይሰጣል፤ የገመዱ ጉዳይ ግን አይሰጥም። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ጫፉ ወንድ ፕላግ በሆነ ገመድ ጀነሬተሩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር አገናኝቶ ቤቱን በሙሉ ማብራት ይዘወተራል። በዚህ አሠራር ዋናው ማቋረጫ ሳይወርድ ከተረሳ፣ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገዱ መስመር ይወጣል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ሥራውን ገልብጦ 220ውን ቮልት ወደ ሺዎች ከፍ ያደርገዋል፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ የጥገና ሠራተኛ በዚህ ሊሞት ይችላል። መብራቱ በድንገት ሲመለስም ሁለቱ ኃይሎች ተጋጭተው ጀነሬተሩን ያቃጥላሉ። ቼንጅ ኦቨር የሚባለው መቀያየሪያ የተሠራው ቤቱ በአንድ ጊዜ ከመስመሩ ወይም ከጀነሬተሩ ጋር ብቻ እንዲገናኝ፣ ከሁለቱም ጋር ግን ፈጽሞ እንዳይገናኝ ነው፤ በኤሌክትሪክ ባለሙያ መገጠም አለበት፤ ዋጋውም ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ከገመዱ የማያንሰው ሌላው አደጋ ጭሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያውቀው በተዘጋ ክፍል ካደረ የከሰል ማንደጃ ነው፤ የጀነሬተር ማርሚታ ግን ከማንደጃ እጅግ የበዛ ያወጣል። ስለዚህ ማሽኑ በጋራዥ፣ በበረንዳ ወይም በምድር ቤት አይነሣም፤ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይነሣም። ከማንኛውም መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ዝናብ በማያስገባ ግን ጎኑ ክፍት በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥ አለበት፤ ድምፁን ለማፈን በሣጥን መዝጋትም ሞተሩን ያግለዋል። በሩዋንዳ ሰፈር ግቢዎች ይህ ሕግ የሚጣሰው በአንድ ወጥ መንገድ ነው። ባለቤቶቹ ጩኸቱን ስለማይወዱ ማሽኑ ከመኝታ ቤታቸው ርቆ ወደ ግቢው በር ይገፋል፤ በሩ አጠገብ ያለው ደግሞ የዘበኛው ክፍል ነው። ገመዱን የሚስበው፣ ነዳጁን የሚቀዳው፣ «ጋሼ፣ ሊያልቅ ነው» እያለ የሚያሳስበው፣ በድርሻ ክርክሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ያልተጠየቀው ያ ሰው፣ የማሽኑን ጭስ በመስኮቱ እያስገባ ያድራል። ይህን ያነበበ የግቢ ባለቤት ሁሉ፣ ዘይት ከመለወጡና ካንዴላ ከመፍታቱ በፊት፣ በዚህ ሳምንት ጀነሬተሩን ከዘበኛው መስኮት ያርቅ።